በሂሮስ 3 የሙታንን ጦር መምራት፦ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ቫምፓየሮቹ

«ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3» በ1999 የወጣ የስትራቴጂ ጌም ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ በአንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ተራ በተራ መጫወትም ይቻላል። ከከተሞቹ 3ቱ የክፉዎች ናቸው፦ የአጋንንቱ ኢንፌርኖ፣ ከመሬት በታች ያለው ደንጀንና የሙታኑ ኔክሮፖሊስ። ይህ መመሪያ በዋናነት ስለ ኔክሮፖሊስ ነው። ቁጥሮቹ የመጀመሪያው ጌምና የ2000ው ማስፋፊያ «ሻዶው ኦፍ ዴዝ» ናቸው። በአድናቂዎች የተሠራውን «ሆርን ኦፍ ዘ አቢስ» የምትጫወቱ ከሆነ ሙታን የማስነሳቱ ችሎታ እዚያ ተቀንሷልና የአጽም ስሌታችሁን ዝቅ አድርጉ።

ሌላው ጦር በእያንዳንዱ ውጊያ ይሳሳል፤ የሙታኑ ጦር ግን በትክክል ከተመራ ከውጊያ የሚወጣው ከገባበት በዝቶ ነው። በኔክሮፖሊስ የሚሸነፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ነው፤ እንደ ሌላ ከተማ ይጫወተዋል። ሁሉንም ዓይነት ወታደር እየገዛ ያግበሰብሳል፣ ቀርፋፋውንና ፈጣኑን ቀላቅሎ ይጓዛል፣ በ3ኛው ሳምንት ጠላት በር ላይ ሲደርስ እሱ ገና ዞምቢ እየጎተተ ነው።

ጀግናውን መምረጥ

ጦሩን ካርታው ላይ የሚመሩት የኔክሮፖሊስ ጀግኖች 2 ዓይነት ናቸው። ዴዝ ናይት የሚባለው ተዋጊው ሲሆን በማጥቃት 1፣ በመከላከል 2፣ በድግምት ኃይል 2፣ በዕውቀት 1 ይነሳል። ኔክሮማንሰር የሚባለው ደግሞ ደጋሚው ነው፤ 1፣ 0፣ 2፣ 2 ይዞ ይጀምራል። ሁለቱም ኔክሮማንሲ የሚባለውን ሙታን የማስነሳት ችሎታ ከመነሻው ይዘው ይመጣሉ።

ምርጫ ካላችሁ ኢዝራን ወይም ቪዶሚናን ውሰዱ። የሁለቱም ልዩ ችሎታ ራሱ ኔክሮማንሲ ነው፤ ሌቭል (የልምድ ደረጃ) በጨመሩ ቁጥር የሚያስነሱት አጽም ይበዛል። ከሰው ጋር በሚደረግ ጨዋታ ብዙዎች እነዚህን ሁለቱን በስምምነት የሚከለክሏቸው በዚህ ምክንያት ነው። እነሱ ከተከለከሉ ታንት ጥሩ ነው። «አኒሜት ዴድ» የሚባለውን፣ በውጊያ መሀል የወደቁ ሙታንን መልሶ የሚያስነሳውን ድግምት ገና ሲጀምር ይዞ ይመጣል። ክላቪየስና ናጋሽ በቀን 350 ወርቅ ያስገባሉ፤ ለዋና ተዋጊነት ባይሆኑም ከኋላ ሆነው ዕቃ ለሚሰበስብ ሁለተኛ ጀግና የሚሻል የለም።

አንድ ጀግና የሚይዘው 8 ችሎታ ብቻ ነው። ሌቭል ሲጨምር ከሚቀርቡት ውስጥ እነዚህን አስቀድሙ፦ ኔክሮማንሲ እስከ መጨረሻው ደረጃ፣ ኧርዝ ማጂክ፣ ሎጂስቲክስ፣ ዊዝደም። ኧርዝ ማጂክ የሚፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። «ስሎው» የሚባለው የ1ኛ ደረጃ ድግምት በከፍተኛው ችሎታ ሲደገም የጠላትን ጦር በሙሉ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ «አኒሜት ዴድ»ም የዚሁ ዘርፍ ነው። ዊዝደም ከሌለ 3ኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለ ድግምት መማር አይቻልም። ሎጂስቲክስ ጉዞን በ10፣ በ20፣ በመጨረሻም በ30 በመቶ ያረዝማል። ኢግል አይ፣ ለርኒንግና ፈርስት ኤድ ሲቀርቡ ግን ሌላኛውን ምረጡ፤ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅማቸው ኢምንት ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፣ ቀን በቀን

በከተማ ውስጥ በቀን 1 ሕንፃ ብቻ ነው የሚሠራው። በመካከለኛው የጨዋታ ክብደት ደረጃ 20,000 ወርቅ ይዛችሁ ትጀምራላችሁ፤ እንጨትና ድንጋይ ደግሞ 20፣ 20። ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ሲል ወርቁ 15,000 ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ምሽጉና የመጀመሪያው የአጽም ቤት ተሠርተው ለሚገኙበት የተለመደ አነሳስ ነው። ከሌሉ እነሱን አስቀድሙ፤ ምሽጉ ብቻውን 5,000 ወርቅ፣ 20 እንጨትና 20 ድንጋይ ስለሚበላ ዕቅዱ በሙሉ ወደ ኋላ ይገፋል።

ቀን 1፦ «ታውን ሆል» ሥሩ። 2,500 ወርቅ ያስከፍላል፤ የቀን ገቢውን ከ500 ወደ 1,000 ያሳድጋል። እዚያው ቀን ከመጠጥ ቤቱ በ2,500 ወርቅ ሁለተኛ ጀግና ቅጠሩና ይዞት የመጣውን ጦር ለዋናው አስረክቡ። ሁለተኛው ጀግና ሥራው መሬት ላይ የወደቀ እንጨት፣ ድንጋይና ሣጥን መልቀም ነው። መዋጋት አይጠበቅበትም።

ቀን 2፦ «ግሬቭያርድ» የሚባለውን የዞምቢዎቹን ቤት ሥሩ። ዞምቢ ስለምንፈልግ አይደለም፤ ያለ እሱ የቫምፓየሮቹ ቤት አይከፈትም። ዞምቢ አትግዙ።

ቀን 3፦ «ኤስቴት» የሚባለው የቫምፓየሮቹ ቤት። አዲስ የተሠራ ቤት የሳምንት ድርሻውን እዚያው ቀን ስለሚሰጥ 4 ቫምፓየር ወዲያው ይጠብቃችኋል። የአንዱ ዋጋ 360 ወርቅ ነው። ገንዘቡ ከተረፈ ግዙ፤ ካልተረፈ ይቆዩ፣ ከቤታቸው የትም አይሄዱም።

ቀን 4፦ የ1ኛ ደረጃ የድግምት ቤት፣ 2,000 ወርቅ፣ 5 እንጨት፣ 5 ድንጋይ።

ቀን 5፦ «ኔክሮማንሲ አምፕሊፋየር»። ይህ ሕንፃ የጀግኖቻችሁን ሁሉ ሙታን የማስነሳት አቅም በ10 በመቶ ይጨምራል። ከዚያ በላይ ግን የቫምፓየሩን ቤት ለማሻሻል የግድ የሚያስፈልግ ነው።

ቀን 6፦ የተሻሻለው ኤስቴት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። ይህ ሕንፃ ከወርቁ ሌላ ክሪስታልና ጀምስ የሚባሉ ብርቅ ማዕድናት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክሪስታሉን ለሌላ ነገር ያዋለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ እያየው ያልፋል። በ1ኛው ቀን ሕንፃውን በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ ምን ያህል እንደሚጎድላችሁ እዩና ሁለተኛውን ጀግና ወደዚያ ማዕድን ላኩት። የክሪስታልና የጀምስ ማዕድን በቀን 1 ብቻ ነው የሚያስገባው፤ እንጨትና ድንጋይ በቀን 2። ስለዚህ የክሪስታሉን ማዕድን በ5ኛው ቀን መያዝ ለ6ኛው ቀን አይደርስም። ካልሞላ ቀን 6ንና ቀን 7ን አቀያይሩ።

ቀን 7፦ «ሲታደል» የሚባለው የምሽጉ ማሻሻያ፣ 2,500 ወርቅ። የሳምንት እድገትን በግማሽ ይጨምራል። አዲስ ወታደር የሚወለደው በየሳምንቱ 1ኛ ቀን ስለሆነ ይህን በ7ኛው ቀን መሥራትና በ8ኛው ቀን መሥራት የአንድ ቀን ልዩነት አይምሰላችሁ፤ የአንድ ሳምንት ልዩነት ነው።

ይህ ሁሉ ከተሳካ በ8ኛው ቀን ጠዋት የቀድሞዎቹ 4 ቫምፓየሮችና አዲሶቹ 6 ተደምረው 10 ቫምፓየር ሎርድ ይኖራችኋል። የአንዱ ዋጋ 500 ነው። ቀድሞ በ360 የተገዛውን ለማሻሻል 140 ስለሚያስከፍል ቀድሞ መግዛት አያከስርም። ለ8ኛው ቀን ግን ጥሬ ወርቅ ይኑራችሁ፤ ቤቱ ሞልቶ ኪሱ ባዶ የሆነበት ሰው ብዙ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ገበያውን፣ አንጥረኛውንና 5,000 ወርቅ የሚጠይቀውን «ሲቲ ሆል» ሠርታችሁ ገቢውን 2,000 አድርሱ። ሳምንቱ ከማለቁ በፊት «ካስል»ን፣ የምሽጉን የመጨረሻ ደረጃ፣ መሥራት ከቻላችሁ የቫምፓየሩ የሳምንት ድርሻ ከ6 ወደ 8 ይወጣል። «ካፒቶል» ቀን በቀን 4,000 ያስገባል፤ ግን ካስልን አስቀድሞ ይፈልጋል፣ ራሱም 10,000 ወርቅ ይበላል። በትንሽ ካርታ ላይ ዋጋውን ሳይመልስ ጨዋታው ያልቃል።

ቫምፓየር ሎርድን ለምን?

ተራው ቫምፓየር 30 የሕይወት ነጥብ አለው፣ ሲመታ ጠላት አጸፋ አይመልስለትም። ጥሩ ነው ግን ይሞታል። ሎርዱ 40 የሕይወት ነጥብ አለው፣ ፍጥነቱ ከ6 ወደ 9 ይዘላል፣ ከሁሉም በላይ የመታውን ያህል ደም ይመጥጣል። የመጠጠው ደም ቁስሉን ብቻ አይደለም የሚሽረው፤ እዚያው ውጊያ ላይ የሞቱ ጓዶቹንም ያስነሳል። ቁጥሩ ወደ ውጊያው ሲገባ ከነበረው ግን አያልፍም።

በቁጥር እንየው። 8 ቫምፓየር ሎርዶች አንድ ላይ የቆሙ 30 ፓይክማን (ተራ ጦረኛ እግረኞች) ይገጥማሉ እንበል፤ ጀግናው ምንም አልጨመረላቸውም። ሎርዱ በአማካይ 6.5 ይጎዳል፤ ማጥቃቱ 10፣ የፓይክማኑ መከላከል 5 ስለሆነ ለእያንዳንዱ ልዩነት 5 በመቶ ይጨመራል፣ ማለትም 25 በመቶ። 8 ጊዜ 6.5 ሲባዛ 52፣ ጭማሪው ሲታከል 65። ፓይክማን 10 የሕይወት ነጥብ ስላለው 6 ይወድቃሉ፣ 7ኛው ይቆስላል። አጸፋ የለም። የቀሩት 24 ሲመቱ ወደ 40 ነጥብ ይጎዳሉ፤ 1 ሎርድ ይሞታል። በሚቀጥለው ምት 7ቱ ሎርዶች 57 ያህል ይመጥጣሉ፦ የሞተው ይነሳል፣ ጠላት 18 ይቀራል። ከዚያ በኋላ 18ቱ የሚጎዱት 30 ስለሆነ አንድም ሎርድ ሊገድሉ አይችሉም። ውጊያው የሚያልቀው 8 ገብቶ 8 ወጥቶ ነው። እርግጥ በተግባር ጠላት ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ይቆማል፤ መላው ግን ያው ነው፦ አንዱን ቡድን ጨርሱና ወደ ሌላው እለፉ፣ ከመጨረሻው ደካማ ቡድን ላይ ጎደሎውን ሙሉ።

ይህ የማይሠራባቸው አሉ። ጎለም፣ ጋርጎይል፣ ኤለመንታልና ሌሎች ሙታን ደም የላቸውም። በእነሱ ላይ ሎርዱ ውድ ተራ ወታደር ይሆናል። «ሎርድ አለኝ» ብሎ የድንጋይ ጎለም ቡድን ላይ የሚገባ ሰው ግማሹን ቀብሮ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ለአጽሙ ተዉለት።

አጽም ማብዛት

ከተማው በሳምንት 12 አጽም ይሰጣል፤ ዋናው ምንጭ ግን እሱ አይደለም። ከእያንዳንዱ ድል በኋላ ጀግናው ከገደላቸው ውስጥ በችሎታው ልክ 10፣ 20 ወይም 30 በመቶውን አጽም አድርጎ ያስነሳል፣ የአምፕሊፋየሩ 10 በመቶ ሲታከልበት ደግሞ ከፍ ይላል። 50 ፓይክማን የገደለ 30 በመቶ ያለው ጀግና 15 አጽም ያገኛል፣ አምፕሊፋየር ካለ 20። የተገደሉት የሕይወት ነጥባቸው ከአጽሙ 6 ነጥብ ያነሰ ከሆነ ግን ስሌቱ በቁጥር ሳይሆን በሕይወት ነጥብ ይሆናል፤ 50 ፒክሲ ገድሎ 15 የሚጠብቅ ያዝናል።

ስለዚህ የሚፈለገው ዒላማ ብዙ ቁጥር ያለው ደካማ ጠላት ነው። ካርታው ላይ ቡድኑን በቀኝ ክሊክ ስትነኩ ቁጥሩ በቃል ይጻፋል፦ «ፓክ» ከ10 እስከ 19፣ «ሎትስ» ከ20 እስከ 49፣ «ሆርድ» ከ50 እስከ 99፣ «ትሮንግ» ከ100 እስከ 249። የጎብሊን ወይም የፓይክማን «ሆርድ» ለሌላው ከተማ ጣጣ ነው፣ ለእናንተ ግን ምልምል ነው።

እዚህ ላይ ጌሙ የማይነግራችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ጀግናው 7 የወታደር ቦታ አለው። 7ቱም ከሞሉና በውስጣቸው የተሻሻለው ስኬሌተን ዋሪየር እንጂ ተራ አጽም ከሌለ፣ የሚነሱት ዋሪየር ሆነው ቁጥራቸው ግን ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። 30 ይነሳ የነበረው 20 ይሆናል። ዋሪየር የሚያደርጋቸው ማሻሻያ ደግሞ በከተማ በነፍስ ወከፍ 10 ወርቅ ብቻ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ 1 ተራ አጽም ለብቻው በአንድ ቦታ አስቀምጡ። ያ አንድ አጽም ሌላም ሥራ አለው። አብዛኛው ጠላት በአንድ ዙር አጸፋ የሚመልሰው አንዴ ብቻ ስለሆነ አንዷን አጽም አስቀድማችሁ ላኩ፣ አጸፋውን ትቀበልና ትሙት፣ ከዚያ ትልቁ ቡድን በነጻ ይምታ።

ነጻ ሆነው «እንቀላቀል» የሚሉ ሕያዋን ወታደሮች ሲመጡ እምቢ አትበሉ፣ ግን አብራችሁ አታዝምቷቸው። ሙታን ራሳቸው ሞራል የሚባል ነገር አያውቁም፤ አብሯቸው ያለ ሕያው ወታደር ግን ሞራሉ ይወርድና ተራውን እየዘለለ ይቆማል። ወደ ከተማ ወስዳችሁ በ«ስኬሌተን ትራንስፎርመር» ውስጥ አሳልፏቸው፦ አንዱ ሕያው አንድ አጽም ይሆናል፣ ድራጎን ከሆነ ደግሞ የአጥንት ድራጎን። ሞራል የላቸውምና ሞራል ከፍ የሚያደርጉ ቅርሶችም ለዚህ ጦር አይሠሩም፤ ለጠላት እንዳይደርሱ ብቻ ያዟቸው።

ጉዞ

ጀግናው በቀን የሚሄደው ርቀት የሚወሰነው ማለዳ ላይ በጦሩ ውስጥ ባለው በጣም ቀርፋፋ ወታደር ነው። ፍጥነቱ 3 የሆነ ተራ ዞምቢ ካለ ጀግናው 1,500 ነጥብ ያገኛል፤ ፍጥነቱ 4 ከሆነው አጽም ጋር 1,560፤ ከቫምፓየር ሎርዶች ጋር ብቻ ከሆነ 1,900። በተራ መሬት ላይ አንድ ቀጥታ እርምጃ 100 ነጥብ ይበላል። ስለዚህ አንድ ዞምቢ ብቻ በቀን 4 እርምጃ ያስቀርባችኋል፣ በሳምንት 28። ከዞምቢ እንድትርቁ የነገርናችሁ ለዚህ ነው።

አጽሞቹን ይዞ ፈጣን መሆን የሚቻልበት ዘዴ አለ። ማታ ተራውን ከመጨረሳችሁ በፊት ዋናው ጀግና ቀርፋፎቹን በሙሉ አጠገቡ ለቆመው ሁለተኛ ጀግና ይስጥ፤ ጠዋት 1,900 ነጥብ ሲቆጠርለት መልሶ ይረከባቸው። ነጥቡ አንዴ ከተቆጠረ አይቀነስም። ችግሩ ሁለተኛው ጀግና በማግስቱ ማታ ዋናው የደረሰበት ለመድረስ ነጥብ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ይህ የሚያዋጣው ለወሳኝ ቀን ነው፣ ለምሳሌ ነገ የጠላት ከተማ ውስጥ መግባት ከቻላችሁ።

ውጊያው ላይ

ተኳሽ ያለው ጠላት ላይ ሎርዶቹ በመጀመሪያው ዙር በርረው ከተኳሹ አጠገብ ይረፉ፤ ጠላት ጎኑ የቆመበት ተኳሽ መተኮስ አይችልም፣ ብዙዎቹም በእጅ ሲመቱ ኃይላቸው በግማሽ ይቀንሳል። አጽሞቹ በእግራቸው እስኪደርሱ ተኳሹ ታፍኖ ይቆያል።

ሊች (ከሩቅ የሚተኩስ ሙት ደጋሚ) ከያዛችሁ፣ የሊች ደመና ዙሪያ ያለውን ሁሉ ይመታል፣ ሙታንን ግን አይነካም። ስለዚህ ጠላት ከአጽሞቻችሁ ጋር ተያይዞ እያለ መሀላቸው ላይ ልቀቁት። በሕያው ጦር እጁ የለመደ ተጫዋች የራሱን ሰው የሚመታ እየመሰለው ይህን ምት ያባክነዋል።

ጠላት «ብላይንድ»፣ «በርሰርክ» ወይም «ሂፕኖታይዝ» ቢደግምባችሁ ሙታን ላይ አይሠራም። «ብሌስ»ም አይሠራላችሁም፣ ማና (የድግምት ነጥብ) አታባክኑ። ማፍጠኛው «ሄስት»ና ማዘግየቻው «ስሎው» ግን ይሠራሉ። የሚያስፈራው «ዲስትሮይ አንዴድ» የሚባለው ነው፤ ለሙታን ብቻ የተሠራ፣ ሜዳው ላይ ያለውን ሙት ሁሉ በአንዴ የሚመታ። አጽም 6 የሕይወት ነጥብ ብቻ ስላለው በብዛት ይረግፋል። እንዲህ ያለ ደጋሚ ላይ ውጊያውን ማስረዘም የለም፦ በሎርዶች ቶሎ ጨርሱ፣ ውጊያው ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ በ«አኒሜት ዴድ» የወደቁትን አንሱ። በዚህ ድግምት የተነሳ ከውጊያው በኋላም አብሯችሁ ይቀጥላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ደካማ የጠላት ቡድን ወዲያው አትግደሉት፤ ማና እስኪያልቅ ድረስ ሙታናችሁን እያስነሳችሁ አቆዩት።

ከሌሎቹ ክፉዎች ጋር ስትጋጠሙ፦ የኢንፌርኖው ፒት ሎርድ ከራሱ ወገን ሬሳ አጋንንት ያስነሳል። እያንዳንዱ ፒት ሎርድ 50 የሕይወት ነጥብ ያህል ማስነሳት ይችላል፣ የሚነሳው አንድ ዲመን ደግሞ 35 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፒት ሎርዶቹን ምቱ፣ ርካሾቹን ኢምፖች አይደለም፤ ኢምፖቹ የሚሞቱት ሆን ተብሎ ሊሆን ይችላል። ከደንጀን ጋር ከሆነ ጥቁሩ ድራጎን ምንም ድግምት አይነካውም፣ ስሎውም ቢሆን። 300 የሕይወት ነጥብና 15 ፍጥነት ይዞ ቀድሟችሁ ይደርሳል። ሎርዶቹ ግን ከእሱ ደም መምጠጥ ይችላሉ፤ የመጀመሪያውን ምቱን አንዷ ነጠላ አጽም ትቀበለው።

ካባው

በ«ሻዶው ኦፍ ዴዝ» ካርታ ላይ «አሙሌት ኦፍ ዘ አንደርቴከር»፣ «ቫምፓየርስ ካውል» እና «ዴድ ማንስ ቡትስ» የሚባሉ 3 ቅርሶች ካገኛችሁ አትሽጧቸው። ለየብቻቸው ኔክሮማንሲን በ5፣ በ10 እና በ15 በመቶ ያሳድጋሉ። 3ቱ በአንድ ጀግና ላይ ሲገጠሙ «ክሎክ ኦፍ ዘ አንዴድ ኪንግ» የሚባለው ካባ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ጀግናው የሚያስነሳው ከአጽም ይበልጣል። መሠረታዊ ችሎታ ላይ ዞምቢ፣ በመካከለኛው ዋይት (መንፈስ የሆነ ሙት)፣ በከፍተኛው ሊች ያስነሳል። ካባውን ለብሶ መሠረታዊው ደረጃ ላይ የቀረ ጀግና በየውጊያው ቀርፋፋ ዞምቢ ይሰበስባል፤ ከላይ የተነገረው የጉዞ ችግር በእጥፍ ይመለሳል ማለት ነው። ችሎታው ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ 3ቱን ቅርሶች ሳታገጣጥሙ ለየብቻ ልበሷቸው።